በቀን አንድ ሚሊሜትር

ሰፈራችን ውስጥ «ባለመኪናዋ» የሚሏት ሴት አለች። ስሙን ሰምቶ መኪናዋን ለማየት በአጥር የሚያሾልቅ አዲስ ተከራይ አይጠፋም። የሚያየው ግን አንዲት ጥቁር የእግር ስፌት መኪና፣ ከጎኗ የተከመረ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያሳረፈች ቀጭን ሴት ነው። እኔ ከእሷ ጋር ግድግዳ እጋራለሁ። መኪናዋ ስትሠራም ስታቆምም እሰማለሁ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የትኛው ዝምታ የክር መበጠስ፣ የትኛው ዝምታ የሐሳብ እንደሆነ እለያለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ግማሹ በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹ በግድግዳው በኩል የሰማሁት ነው።

አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አይጠፋም ነበር። መጀመሪያ አባቷ፣ ከዚያ አክስቷ፣ በመጨረሻ እናቷ። እናትየው አንድ ቀን በር ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታሉ በብረት ጠግኖ ወደ ቤት ሲሸኛቸው፣ የመድኃኒቱን ወረቀት የሰጣት ሰው በችኮላ «እረፍት ያስፈልጋቸዋል» አላት። እረፍት መስጠት ደግሞ ከእሷ በላይ ማን ያውቅበታል! አራት ዓመት ሙሉ እናቷን እንደ እንቁላል ይዛ ኖረች። ውኃው በብርጭቆ፣ ሾርባው በማንኪያ፣ ሁሉም ነገር አልጋው ድረስ ይመጣል። እናትየው መጀመሪያ ሰሞን «እስቲ ደግፊኝና በር ድረስ ልውጣ» ይሏት ነበር።

«እማዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ቆርጦሽ ትነሻለሽ?» ትላለች እሷ፤ እሳቸውም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት።

በአራተኛው ዓመት አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ሌላኛው ጭናቸው ተሰበረ። መውደቅ የለ፣ መመታት የለ፣ ጎን መቀየር ብቻ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልቆዩም።

ወንድም አላት፤ በስድስት ዓመት የሚያንሳት። ገበያው ማዶ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ሱቅ ውስጥ ጫማ ይሰፋል። እናቱ ታመው ሳሉ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በወር አንዴ ብቅ ይል ነበር እንጂ አንድ ሌሊት አላደረም። ከቀብር ስንመለስ ታዲያ ሐዘኑ እንዳይሆን አድርጎ አናገረው። ጎረቤት ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ተነስቶ ቆመና፣

«አቅፈሽ አቅፈሽ ገደልሻት!» አላት።

እሷ ይዛው የነበረውን ትሪ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ በማግስቱ መኪናዋን ከወትሮው ቀድማ ስትረግጥ ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። ጫማዋ ሲቀደድ እንኳ ሁለት ሰፈር አቋርጣ ሌላ ሰፊ ዘንድ ትወስደው ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ዕቃ ልታራግፍ የመጣች የጭነት መኪና ወደ ኋላ ስትል የጫማ ሰፊውን ቀኝ እግር ከሱቁ ፊት ካለው የግንብ ጥግ ጋር አጣበቀችው። ቅልጥሙ ደቀቀ። ቁስሉ መረቀዘና ሳምንታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ሀኪሞቹ የሞተውን አጥንት አራት ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠው አውጥተው፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች አገናኙ። እግሩ ተረፈ፤ ግን አራት ሴንቲሜትር አጠረ።

ወሬውን ይዛላት የመጣችው ዩኒፎርም ልታስለካ የመጣች የገበያ ሴት ናት። ባለመኪናዋ የያዘችውን ሸሚዝ ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና በግድግዳው ጠራችኝ።

«ተነሺ፣ ሆስፒታል ሸኚኝ።»

«ማን ታመመ?»

«ሰው ነዋ!» አለች።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የእሱ መስኮቱ ሥር ነበር። እግሩን ሳይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አራት የብረት ቀለበቶች ከበውታል፣ ቀለበቶቹን ረጃጅም ዘንጎች ያያይዟቸዋል፣ ከቀለበቶቹ የተነሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ በአንድ በኩል ሥጋውን በስተው ገብተው በሌላው በኩል ይወጣሉ። እሷ ፊቷን አላዞረችም። አጎንብሳ እንደ አዲስ መኪና መረመረችው። ወንድምየው እሷን ሲያይ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

ነርሷ ልታስረዳው ስትሞክር ነበር የደረስነው። ያጠረውን እግር መልሶ ለማስረዘም፣ ሀኪሙ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ጤነኛውን አጥንት ሆን ብሎ በጥንቃቄ ቆርጦታል። አንድ ሳምንት ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ ዘንጎቹ ላይ ያሉት ብሎኖች በትንሽ ቁልፍ እየዞሩ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች በቀን አንድ ሚሊሜትር ያራርቋቸዋል፣ በመሃል በሚከፈተው ክፍተት ውስጥ አዲስ አጥንት ይበቅላል። ግን ሚሊሜትሩ በአንዴ አይሳብም፤ ጠዋት ሩብ፣ ቀትር ሩብ፣ አመሻሽ ሩብ፣ ከመኝታ በፊት ሩብ።

«ቢፈጥንስ?» አለች ባለመኪናዋ። ወደ አልጋው አልተመለከተችም።

«ከፈጠነ አዲሱ ነገር ይበጠሳል፣ ነርቩም ይጎዳል። ከዘገየ ደግሞ ያለ ጊዜው ይገጥምና አልሳብም ይላል።» ነርሷ ወደ ሕመምተኛው ዞረች። «ከኋላ ያሉት ብሎኖች ላንተ አይመቹም። ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም» አለ። ሚስቱ ከተለየችው ቆይቷል፤ ልጅም አልወለዱም።

ባለመኪናዋ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጪኝ።»

እናታቸው በሞቱበት ክፍል፣ እናታቸው በተኙበት አልጋ ላይ አስተኛችው። ሌላ ክፍል የላትም። ሥራውን ግን እንደ ስፌቷ አደረገችው። እያንዳንዱ ብሎን ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አኑራ የት እንደቆመና የት እንደደረሰ ትለያለች። ሽቦዎቹ የገቡበትን ቀዳዳ ሁሉ በየቀኑ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃና በንጹህ ፋሻ ትጠርጋለች። ባዞረች ቁጥር የልኬት ደብተሯ ላይ፣ ከተማሪዎቹ የወገብና የትከሻ ልክ ጎን፣ አንዲት ጭረት ትጨምራለች።

ንግግራቸው ግን ይህ ብቻ ነበር፦

«ዞረ?»

«ዞረ።»

በቀን አራት ጊዜ በግድግዳው በኩል ይህን እሰማለሁ። እንደ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተራ መቀያየሪያ። ሌላ ቃል የለም፣ ወይም ካለ በሹክሹክታ ነው። አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ ባቱ ሲወጠርና ሲጠዘጥዘው እሱ ሲያቃስት፣ እሷም ከመኪናዋ ተነስታ ስትሄድ ይሰማኛል። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን በእጇ ስታሽ አንድ ቀን በመስኮት አየኋት። ሁለቱም አይተያዩም ነበር።

በአርባኛው ቀን ጭረቱ አለቀ፤ እግሩ ቁመቱን አገኘ። በራጅ ፊልሙ ላይ ሁለቱ ጫፎች መካከል አራት ሴንቲሜትር ክፍተት ይታያል፤ ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ጉም የመሰለ ነገር አለ። ሀኪሙ ደስ አለው። «ይኸ ጉም ነው አጥንት የሚሆነው። ብረቱ ይቆያል። ከዛሬ ጀምረህ ግን በክራንች እየተደገፍክ እርገጥበት። በርትተህ እርገጥ» ብሎ ወደ ሌላው በሽተኛ አለፈ።

ማን ይርገጥ? ሰውዬው በገዛ ዓይኑ ፊልሙን አይቷል። «ጉም ላይ ቁም ይለኛል እንዴ ይኼ ሰውዬ!» አለ ታክሲ ውስጥ። እሷም ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን የእሱ ወገን ነበር። ቤት ሲደርሱ ትራሱን አመቻቸችለት። ውኃው በብርጭቆ መጣ። ዳቦው በሳህን፣ ሬዲዮው ራስጌው፣ መታጠቢያው ሳፋ እግርጌው። አንድ ጊዜ ብቻ ክራንቹን አንስቶ ለመቆም ሲሞክር፣

«ተው! ትወድቅና ሁሉም ድካም ገደል ይገባል!» ብላ ጮኸች፤ እሱም እንደተገላገለ ሰው ፈጥኖ ተቀመጠ።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ለቀጠሮ ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ። የራጅ ፊልሙ መብራት ላይ ሲሰቀል ጉሙ ያው ጉም ነው። ይባስ ብሎ ደህና የነበሩት የእግሩ መዳፍ አጥንቶች ሳስተው እንደ ታጠበ ወረቀት ገርጥተዋል። ሀኪሙ ከንፈሩን መጠጠና ወደ ፊዚዮዋ ላከን።

ፊዚዮዋ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ማለቴ ነው፣ አጭር ወጣት ሴት ናት፤ ነገር አታለሳልስም። ፊልሙን አየች፣ የክራንቹን ጎማ ገለበጠች። ጎማው አዲስ ነው፤ አቧራ እንኳ አልነካውም።

«አልረገጥክም» አለችው።

«ገና ጉም ነው ብዬ…»

«ስላልረገጥክ ነው ጉም የሆነው።»

ወንበር ስባ በመካከላችን ተቀመጠች። «ስሙኝ። አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት አለው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ፤ አንዶቹ አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ሌሎቹ አዲሱን ይገነባሉ። ሌሎች ደግሞ አሉ፣ እዚያው አጥንቱ ውስጥ የተቀበሩ፤ እነዚህ ጠባቂዎች ናቸው። እርስ በርስ የሚገናኙት ከፀጉር በቀጠኑ፣ ፈሳሽ በሞላባቸው ቦዮች ነው። ስትረግጥ አጥንቱ በዓይን በማይታይ ልክ ይጎብጣል፣ ፈሳሹ ይገፋል፣ ጠባቂዎቹ ይሰማቸዋል። ‘እዚህ ጋ ጫና አለ፣ ገንቡ’ ብለው ግንበኞቹን የሚጠሩት ያኔ ነው። ካልረገጥክ ምንም አይሰማቸውም። ግንበኞቹን የሚጠራ የለም፤ አፍራሾቹ ግን ሥራ አይፈቱም። አሁን እግርህ ላይ የሆነው እሱ ነው።»

«ማለት፣ ያለ ጫና የተቀመጠ አጥንት…» አለች ባለመኪናዋ፣ ቀስ ብላ።

«ይሳሳል። ጤነኛው ሳይቀር። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አጥንት በወራት ውስጥ ይሳሳል።»

ባለመኪናዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ስትጠመጥም አየሁ። ምን እንደምታስብ ገባኝ። ወንድሟም የገባው ይመስለኛል፤ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ አራት ዓመት ተኝታ ነበር» አለች። «ዳሌዋ ተሰብሮ። እኔ ነኝ ያስተኛኋት። መሬት እንዳትረግጥ አድርጌ። በመጨረሻ ስትገላበጥ…» የቦርሳዋን ማንገቻ ለቀቀች፤ «ስትገላበጥ ሌላው ጭኗ ተሰበረ። እንግዲህ እኔ ነኛ?»

ፊዚዮዋ ያን ስለታም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አልዋሽዎትም» አለች። «እየደገፉ ቢያራምዷቸው ይሻላቸው ነበር። ግን የእናትዎ አጥንት ቀድሞውኑ በዕድሜ ሳስቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ስብራትም የመጣው በዚያ ሊሆን ይችላል። ቢራመዱም ሊሰበር ይችል ነበር። ይኸን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርዎ አይችልም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ‘ያስነሷቸው፣ ያራምዷቸው’ ያለዎት ሰው ነበር?»

«‘እረፍት’ ነው ያሉኝ።»

«እንግዲህ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ጥፋት ካለ ሳይነግሩዎት የሸኙዎት ባለሙያዎች ላይ ነው፤ እርስዎ ላይ አይደለም።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ወንድምየው አንድ ነገር እንዲናገር ጠበቅኩ። እሱ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጥንት ሥዕል ሲያይ፣ ሲያይ ቆየ።

የተሰጠው ትእዛዝ ቁርጥ ያለ ነው። የሰውነት መመዘኛ ሚዛን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ በክራንች ተደግፎ ቀኝ እግሩን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋል፣ መርፌው ሃያ ኪሎ እስኪል ይጫናል። ሃያ ኪሎ በእግር ምን እንደሚመስል ሰውነቱ ከለመደ በኋላ በዚያው ልክ እየረገጠ ይራመዳል። በየሳምንቱ አምስት ይጨመራል። ሚዛን ያለኝ እኔ ነኝ፤ ክብደቴን ልቀንስ ብዬ ገዝቼው፣ እውነቱን ሲነግረኝ አልጋ ሥር የሸጎጥኩት። አቧራውን ጠርጌ አመጣሁላቸው።

የመጀመሪያው ቀን መርፌው ስድስት ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሃያ ሆነ» አለ እሱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ስድስት ነው።»

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው!»

«እኔን ሲመዝን ምነው አልተበላሸ?» አልኩት።

በማግስቱ ስምንት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። በአራተኛው ቀን ጠዋት እሷ አንድ ነገር አደረገች። ሻዩን ቀድታ፣ አልጋው ዘንድ መውሰዷን ትታ፣ በረጅሙ በረንዳ ሌላኛው ጫፍ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ዳቦውንም ሬዲዮውንም እዚያው። ከዚያ መኪናዋ ኋላ ገብታ ተቀመጠች።

«ሻዬስ?» ብሎ ሲጣራ ሰማሁ።

«በረንዳው ጫፍ ላይ ነው።»

«ምን ይሠራል እዚያ?»

«ይጠብቅሃል።»

«አንቺ ልብሽ ደነደነ እንዴ?» አለ ቆይቶ። መልስ የለም። «እየቀዘቀዘ ነው!» መልስ የለም። መኪናዋ ዝም ብላለች። ይህን ዝምታ አላውቀውም ነበር፤ የክርም አይደለም፣ የሐሳብም አይደለም። በኩሽና በር ዞሬ ገባሁ። ሁለት እጇን መኪናዋ ላይ ጭና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ይንጠባጠባል። እጇን ያዝኩ። ለመነሳት ስትል እየጎተትኳት አስቀመጥኳት፤ ሦስት ጊዜ ያህል።

በመጨረሻ የክራንቹ ድምፅ ተሰማ። ቋ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ቋ። በረንዳው አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ እሱን ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሻዩ ውኃ ሆኗል፤ ጠጥቶ ጨረሰው። ከዚያ «ስኳሩ አነሰ!» ብሎ ጮኸ፤ እሷም እንባዋን በሰማያዊው ጨርቅ ጠርጋ፣ «ስኳሩ ኩሽና ነው!» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። መርፌው አሥራ ሁለት አለ፣ አሥራ ስምንት አለ፣ ሃያ ሲል ሦስታችንም አጨበጨብን። ያመው ነበር፤ ግን ሕመሙን እንደ ክስ አላሰማም። ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ ሲቆም እሷ ተንበርክካ መርፌውን ታነባለች። ከሦስት ሳምንት ከምናምን በኋላ ሠላሳ አምስት ሲደርስ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ታች አናቷን እያየ፣

«እቴ» አላት። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው።

«ወደ ታች አትይ፤ ሚዛኑ ይወዛወዛል።»

«ያን ቀን ያልኩሽን…»

«ሠላሳ አራት ሆነ። ተጫን።»

«ልናገር ተይኝ! አንቺ አራት ዓመት ሙሉ ስታነሺ ስትጥዪ እኔ ብርቱካን ይዤ ነበር የምመጣው። ብርቱካን! እሷን ለማየት ስለምፈራ ቶሎ እወጣ ነበር። ስትሞት የምጥለው ሰው አጣሁና አንቺ ላይ ጣልኩት። አሁን እኔ ራሴ ተኝቼ፣ በገዛ እግሬ መቆም ፈርቼ፣ አንቺ እንድትከለክዪኝ ስፈልግ… ያን ጊዜ የት ነበርኩ? ይቅር በዪኝ።»

እሷ አልተነሳችም። እጇን ብረቱ ላይ፣ የታችኛው ቀለበት ላይ አሳረፈች። «አንተ ብትልም ባትልም እኔው ራሴ በየቀኑ ስለው ኖሬያለሁ» አለች። «አሁን ግን ሆስፒታል ያለችው ልጅ የነገረችኝን ይዣለሁ። እሱ ይበቃኛል።» ከዚያ መነጽሯን አስተካከለች። «ሠላሳ ሰባት! አየህ፣ ሰው ሲናደድ ይከብዳል።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ለብቻዬ ላለቅስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቀጣዩ ፊልም ላይ በጉሙ ውስጥ ነጫጭ ጭረቶች ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ታዩ። በሌላኛው ጭረቶቹ ተያያዙ፣ ዳርና ዳሩም ጠርዝ አወጣ። ፊዚዮዋ በእስክሪብቶዋ እያሳየች «ግንበኞቹ መጥተዋል» አለች። አደጋው በደረሰ በዓመቱ ገደማ ብረቱ ወለቀ። በየሽቦው ቀዳዳ አሻራ ቀርቷል፤ የቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያም እንደ ድሮው አልሆነም፣ ደረጃ ሲወርድ በጎን ይወርዳል። ግን ሱቁን ከፍቷል፤ ቆሞ ይሠራል፣ መቀመጫውን ለደንበኛ ትቶታል።

የተከራየው ክፍል እስኪለቀቅለት ከእህቱ ጋር ይኖራል፤ አሁን ስለ ሁሉም ነገር ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ሬዲዮው ድምፅ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሳሙናው። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ ባለመኪናዋ ሐይቅ ዳር የምትኖር የልጅነት ጓደኛዋን ለመጠየቅ ተነሳች። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ለማስታመም ሳይሆን ለራሷ ብላ ከቤቷ ውጭ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ሸክፋ ሦስት ጊዜ ፈታች። ወንድሟ አውቶቡስ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሞ ሸኛት፤ «ስጪኝ፣ ጫና ጥሩ ነው ተብሏል» እያለ።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወለላት። ስልኩን የደወለው እኔ በር ላይ ቆሞ ነው፤ ድስቱ አሮበት የእኔን ሊዋስ መጥቶ።

«እቴ፣ ሩዝ ላይ ውኃው ስንት ነው?»

የእሷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ጮክ ብሎ ተሰማኝ፤ ከኋላው ነፋስና የሰው ሳቅ ነበረ።

«አላውቅም፣ ውኃ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ጎረቤቴን ጠይቃት!» ብላ ዘጋችው።